እትዬ ጥሩወርቅ ይቅር አላሉም

እትዬ ጥሩወርቅን ባለፈው ቅዳሜ ቀበርናቸው። ቀብሩ ላይ ዋሹባቸው።

የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያነብ የተመረጠው ሰውዬ ክራባቱን አስተካክሎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ «አንድ ልጃቸውን የነጠቃቸውን ሰው በክርስቲያን ልብ ይቅር ያሉ፣ ቂም የሚባል ነገር የማያውቁ እናት ነበሩ» ብሎ አነበበ። ሕዝቡም ከንፈሩን መጠጠ። ቂም የማያውቁ! እኔ በዚያ በዳላስ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሼ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፤ ቀብር ላይ አይጮህማ። እዚህ ግን የሚከለክለኝ የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ቂም ያውቃሉ። ቂማቸውን እንደ ልጅ አሳድገው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። እሳቸውን ትቶ አንዲት የዋህ አሮጊት የቀበረብኝን ሰው እኔም ይቅር አልለውም።

ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ አንድ አፓርትመንት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ነበሩ። የዋግ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ከደሳለኝ ጋር በሱዳን በኩል ወጥተው ቴክሳስ የገቡት እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብለው ነው። ግሬፕቫይን ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኧርቪንግ ሆቴሎች እንግዳ ወደ ኤርፖርት አመላልሳለሁ። ቀጭንና አጭር ነበሩ፤ እጃቸው ብቻ የሌላ ሰው ይመስል ትልቅ ነው። ሲያወሩ ፊታቸው ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ ያጥፋሉ። ስንት ጊዜ ጃኬቴን ወንበር ላይ ጥዬ ስዞር በአራት ማዕዘን ታጥፎ አገኘሁት። ሲናደዱ ደግሞ ያጠፉትን በመዳፋቸው ጥፍ! ያደርጉታል። ያን ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ስሰማ ዛሬ ማን አስቀየማቸው ብዬ እሳቀቅ ነበር።

ደሳለኝ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ለሰው ሟች ልጅ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ በአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ፣ ስሙን እዚህ በማልጠራው አንድ ካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ በሉት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሊያይ ጥግ ይዞ አቁሞ ወረደ። አንድ ጠጥቶ የሚነዳ ጎረምሳ በፒካፕ መጥቶ እዚያው ዳር ላይ ገደለው። የጎረምሳው አባት የካውንቲው ትልቁ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ነው። ሬሳው ዳላስ መጣ፣ ቀበርነው፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከል ለበሱ። ፍርዱ ደግሞ እዚያው ተራራው ላይ ቀጠሮ ተቆረጠለት።

ቀጠሮውን ስንጠብቅ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሴትዮዋን የምታውቋቸው በሱ ነው። የደሳለኝ መኪና ማቆሚያ ባዶ ሆነ። ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው ወር እንኳ ሳይሞላ መኪናውን እዚያ ማቆም ጀመረ። ሄጄ አናገርኩት።

«ማለቴ፣ ብሮ፣ እኔም አዝኛለሁ» አለኝ። «ግን ቦታው ባዶ ነው፤ እኔ ሁለት መኪና አለኝ። ሶ ምን ላድርግ?»

ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። እሑድ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የወጥ ቤት ወንበራቸውን ተሸክመው ወረዱና ቦታው መሐል ተቀመጡ። ነሐሴ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ሰውየው ሲመለስ ጥሩንባ ነፋ፣ ወርዶ ለመነ፣ «እትዬ፣ አንዴ ፓርክ ላድርግና እንነጋገራለን» አለ። ቀና ብለው አላዩትም። በማግስቱ ከሥራ መልስ ያው ወንበር፣ ያው ቦታ። በዚያ ሰሞን ጠቅላላው ግቢ እያየ ሰውየው መንገድ ዳር ሲያቆም ከረመ፤ በኋላ ጋርላንድ ቤት አገኘሁ ብሎ ለቀቀ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ወንበር ለኔም ይግዙልኝ እንጂ» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የሚጮኽን ሰው ሁሉም ይለምደዋል። ዝም ብሎ የሚቀመጥን ግን ማንም አይለምደውም።»

ቀጠሮው ሲደርስ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ሜዳውን ጨርሰን ተራራ መውጣት ስንጀምር የተኙ መስለውኝ የነበሩት ሴትዮ ቀና አሉ። አገሩን እያደነቁ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ነገር እንዳየ ሰው አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። በሁለት ሸንተረር መሐል አንድ ጎድጓዳ፣ በየጎድጓዳው አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በየደጁ የፖስታ ሣጥን ላይ ያው አንድ የአባት ስም። መንገዱ ሁሉ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ የሚወርደው ካውንቲው ወዳለው አንድ ለጥ ያለ ቦታ ነው። እዚያ መሐል ላይ ሰዓት ያለው ቀይ የጡብ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ መኪና ሁሉ እሱን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ግብር የሚከፍል፣ መሬት የሚያስመዘግብ፣ የሚጋባ፣ ታርጋ የሚያወጣ፣ የሚካሰስ፣ ሁሉም በዚያ በር ይገባል።

«ይሄማ አምባ ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አንድ በር ብቻ ነው ያለው።»

ጎረምሳው ጥፋቱን አምኖ ስለነበር የቀረው ቅጣቱ ብቻ ነው። ዳኛው ሽማግሌ ነው፣ ነጭ ፀጉር፣ ለስላሳ ድምፅ። የሟች እናት የሚሉት ካለ ይናገሩ አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ተነሡ፤ እጅ ነሡ። «ጌታዬ፣ የልጄን ደም ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አሉና ተቀመጡ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እተረጉማለሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ቃል ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በኛ አገር አንዲት እናት በዳኛ ፊት እንዲህ ካለች የገዳይ ወገን እንቅልፍ አይወስደውም። ሳይመሽ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይለመናል፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ደጇ ላይ ይወድቃል። ከዚህ የከፋ ክስ የለም። የተራራው ዳኛ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረና፣ በዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ክርስቲያናዊ ይቅርታ ሰምቼ አላውቅም አለ። እናቲቱ ይቅር ካሉ እኔ ማን ነኝና እጨክናለሁ ብሎ ጎረምሳውን በገደብ ለቀቀው። ጎረምሳው እዚያው አባቱን አቅፎ ሳቀ። ያን ሳቅ አይቻለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ውሳኔውን ስነግራቸው አልደነገጡም። እስር ቤቱ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የሳቸው ጉዳይ ሽማግሌዎቹ ናቸው። «ዛሬ ወይም ነገ ይመጣሉ» አሉ። ያረፍንበት ሞቴል ውስጥ ክፍላቸውን አስተካክለው፣ ለስላሳና ብስኩት አስገዝተውኝ፣ አራት ወንበር ተውሰው ግድግዳውን አስይዘው ደረደሩ። ባዶ ቤት ሽማግሌ አይቀበሉም። ከል እንደ ለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሩን ማየት ጀመሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅን። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ወንበሮቹን ያዋሰችን የሞቴሉ ሠራተኛ ሚስ ኦፓል የምትባል ያገሩ ባልቴት ናት። በሦስተኛው ቀን፣ «ለመሆኑ ማንን ነው የምትጠብቁት?» አለችኝ። ነገርኳት። ፎጣ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች።

«የኔ ማር፣ እዚህ ማንም አይመጣም» አለች። «ሰው የሚመጣው ወደ ዳኛው ነው፣ እሱም ምርጫ ሲደርስ ድምፅ ሊሰጠው። የካውንቲው እኩሌታ የሚሠራው በዚያ መሰንጠቂያ ነው፤ ልጁን ቢያስረው ማን ይመርጠዋል? ባሌ እዚያ ቤት እጁን ሲያጣ ክሱን የዘጋው ይኸው ዳኛ ነው።»

ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ ስተረጉም ከሁሉ ነገር አንድ ብቻ ያዙ። «የሚሾመው ሕዝቡ ነው?» አሉኝ። «መቼ ነው የሚመርጡት?» ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በበጋ ነው ተባሉ። ብስኩቱን ለሚስ ኦፓል ሰጧት፤ የአልጋውን ልብስ ገፈው አጠፉና ጥፍ! አደረጉት። መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «ከዚያ ወንበር ሳላወርደው አልሞትም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኖሩት ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

ዳላስ ውስጥ መካሪ በዛ። ያ የሕይወት ታሪክ ያነበበው ሰውዬ ከነሚስቱ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ማለቴ፣ ለጤናዎም ጥሩ አይደለም፤ ሙቭ ኦን ማድረግ አለብዎት» ብሏቸዋል፤ እኔ ሻይ እያቀረብኩ ሰምቻለሁ። «አንተ ልጅህ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁት። «ደህና ነው፣ ኮሌጅ ገባ» አለ። «እንኳን ገባ» አሉት። የነፍስ አባታቸው ደግሞ በተረት ሞከሯቸው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፣ ይባላል አይደል ልጄ፣ አሏቸው።

«አባ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «እኔ መቼ መስረቅ ፈለግሁ? እኔ የፈለግሁት መሳል ነው።»

ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ያልጠየቀኝን ሰው በምን አፌ ይቅር ልበል፣ ነበር የዘወትር መልሳቸው፤ ለዚህ መልስ መልስ የሰጠ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

በሚቀጥለው ዓመት የእረፍት ጊዜያቸውን ወስደው በአውቶቡስ ተጓዙ፤ ሚስ ኦፓል ቤት አረፉ። እንግሊዝኛቸው ከልብስ ማጠቢያው አያልፍም፣ ኦፓል አማርኛ አታውቅም፤ እንዴት እንደተግባቡ እነሱና ፈጣሪ ይወቁት። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ አንድ ዛፍ ነበረ። እዚያ ወንበር አስቀምጠው፣ ከላቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የደሳለኝን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። አልጮኹም፤ ጽሑፍ አልያዙም። ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ይቀመጣሉ፣ ሲዘጋ ይነሣሉ። የሸሪፉ ምክትል መጥቶ ሊያስነሣቸው ሲል ሚስ ኦፓል ወገቧን ይዛ፣ ይህ ሣር የሕዝብ ነው፣ የሚታጨደውም በኔ ግብር ነው፣ ብላ መለሰችው።

መጀመሪያ ያበዱ መሰሏቸው። ግን ያ አገር አንድ በር ነው ያለው፤ ሕዝቡ ለታርጋውም ለግብሩም ሲመጣ በሳቸው በኩል ያልፋል። ማን ናት ብሎ ኦፓልን ይጠይቃል። ኦፓልም ትነግረዋለች፤ ከራሷም ትንሽ ጣል ታደርግበታለች። ተራራ ያለው ሕዝብ ደግሞ ነገር አይረሳም፤ የአያቱን ጠብ እንደ ትናንት ያወራል። አንዳንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ማለፍ ጀመረ። ወደ ዳላስ ከተመለሱ በኋላ ሚስ ኦፓል ስልክ ደወለችልኝ። «ንገራት!» ትላለች፣ እየሳቀች ነው። «ወንበሯን እዚያው ትቼዋለሁ። ዳኛው ባዶውን ወንበር እያየ በኋላ በር መግባት ጀምሯል!»

ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «በገዛ ቤቱ በጓሮ የሚገባ ሰው አልቆለታል» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

የምርጫው ዓመት መጣ። ሆቴሉ ሙሉ በጋ እረፍት አልሰጥም ስላላቸው ሥራቸውን ለቀው ሄዱ። በዚያ በጋ ሌላም ወንበር መጣ። አንዱ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሌላዋ ልጇ ያለ ወንጀሉ የታሰረባት፤ ወንበራቸውን ከየጎድጓዳው እየጫኑ እትዬ ጥሩወርቅ ጎን ይቀመጡ ጀመር። ዳኛውን የሚፎካከረው ጠበቃ ይህን አይቶ ጥርሱን እያሳየ መጣ፤ አብሯቸው ፎቶ ሊነሣ። እትዬ ጥሩወርቅ እጁን አልጨበጡም። በኋላ ምን ብለው እንደመለሱት ስጠይቃቸው፣ «ያንተ ወገን አይደለሁም፣ የሱ ጠላት ነኝ ልለው ነበር፤ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም» አሉኝ።

ለምርጫው ቀን እኔም ደረስኩ። ቆጠራው የሚነገረው ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ያ ሁሉ ተራራ እዚያ ወርዷል። በየጎድጓዳው ውጤት ሲጠራ አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ይራገማል። እትዬ ጥሩወርቅ ከውጭ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እኔ እየተመላለስኩ እነግራቸዋለሁ። ዳኛው መጀመሪያ መራ፤ ቀጥሎ ተካከሉ፤ የመጨረሻው ጎድጓዳ ሲጠራ ወደቀ። በጥቂት ድምፅ ነው፤ ግን ወደቀ። ሮጬ ወጥቼ «ወረደ!» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚስ ኦፓል ወንበሯ ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ በዚያ ዕድሜዋ ትወድቃለች ብዬ ሰጋሁ።

ያን ጊዜ ዳኛው በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደረጃውን ወርዶ፣ ሣሩን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። ሰውየው እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ቆመና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ተርጉምልኝ» አለኝ። «ያን ቀን ተሳስቻለሁ። ልጁን መቅጣት ነበረብኝ። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ስለ ልጅዎ በጣም አዝናለሁ።»

ተረጎምኩ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ የውሸት አልነበረም።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀና ብለው ተመለከቱት። «ንገረው» አሉኝ። «ይህን ቃል ከዚያ ወንበር ላይ ሆነህ ብትለኝ ኖሮ፣ ተነሥቼ ጉልበትህን ስሜ ይቅር እልህ ነበር። እኔ ጉዳይ የነበረኝ ከዳኛው ጋር ነው። አንተ ማን ነህ? አላውቅህም።»

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ውኃ አልጨመርኩበትም። ሰውየው ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ መኪናው ሄደ፤ መንገድ የሚለቅለት ሰው እንኳ አልነበረም። እልል ማለት አማረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስ ኦፓልን ተሰናብተን ወጣን። ተራራውን እየወረድን ነው። እኔ የትናንቱን እያነሣሁ፣ የሰውየውን ፊት እያስመሰልኩ፣ ብቻዬን እስቃለሁ።

«አንተ» አሉኝ።

«አቤት እትዬ።»

«አዲሱ ዳኛ ደሳለኝን ያውቀዋል?»

«ኧረ አያውቀውም። ከየት ያውቀዋል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያ ቤት ልጄን የሚያውቅ ዳኛ አንድ ብቻ ነበር» አሉ። «ያንን ቃል ከወንበሩ ላይ ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው። እሱንም እኔው አወረድኩት።»

ሳቄ ቆመ። «ይቆጭዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«አይቆጨኝም» አሉ። «ነገም ቢሆን አወርደዋለሁ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነጠላቸውን ጎተት አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ነዳሁ፤ ተራራው አልቆ ሜዳው ሲጀምርም ማልቀሳቸውን አላቆሙም።